ከትርፍ ቤት አዋጅ እስከ ኮንዶሚኒየም፤ የአዲስ አበባ ተከራይ የሃምሳ ዓመት ታሪክ

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቦሌ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሦስት ወር ሙሉ የምትከራየው ቤት ስትፈልግ ከርማለች። «ጋሼ፣ አገኘሁ እኮ! አዲስ ነው፣ ማንም ያልኖረበት። ግን አከራይዋ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ ካልከፈልሽ ቁልፉን አልሰጥሽም አለችኝ» አለች። የግድ አዲስ ቤት ለምን እንዳስፈለጋት ጠየቅኋት። እኔ በሷ ዕድሜ ሳለሁ የምመኘው ጣራው የማያፈስ ቤት ብቻ ነበር። «አሮጌ ሰፈር ብከራይ ነገ ይፈርሳላ ጋሼ! ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። አዲሱን ቢያንስ ቶሎ አያፈርሱትም» አለችኝ።

እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች ስለ አዲስ አበባ ቤት የምናወራው ብዙውን ጊዜ ስለ መግዛት ነው። ማን ሪል እስቴት ገዛ፣ ማን ተበላ፣ ካሬው በዶላር ስንት ገባ እንላለን። በየወሩ ከምንልከው ገንዘብ ብዙው ግን የሚሄደው ለኪራይ ነው። የእናት ኪራይ፣ የእህት ኪራይ፣ የወንድም ልጅ ኪራይ። ታዲያ ስለ ተከራይ ታሪክ ስንጽፍም ስንከራከርም አልሰማሁም። አንድ ወጣት ሠራተኛ በደመወዙ አዲስ ቤት ተከራይቶ ሊኖርባት የማይችልባት ከተማ በአንድ ሌሊት አልተፈጠረችም። ነገሩ የሃምሳ ዓመት ታሪክ አለው፤ ሦስት መንግሥታትም እጃቸውን አስገብተውበታል። (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ከመነሻው እንጀምር። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር መሬቱ የተሰጠው ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ነበር። እያንዳንዱ ሹም ቤተ መንግሥቱን ከቦ በጉብታው ላይ ሰፈረ፤ አሽከሩና ጭፍራው ደግሞ በዙሪያው። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉት ስሞች ዛሬም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። በ1900 አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ የከተማውን ቦታ በግል መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ እንዲቻል ደነገጉ። ከዚያ ወዲህ የከተማው መሬት በጥቂት ቤተሰቦችና በቤተ ክህነት እጅ እየተከማቸ ሄደ። ከገጠር የመጣው ደሃ ያለው ምርጫ ወይ ቦታ ተከራይቶ የጭቃ ጎጆ መቀለስ፣ ወይ የተሠራች አንዲት ክፍል መከራየት ነበር።

ነገር ግን «የከተማ ባላባት» ሲባል ሁሉም ራስና ደጃዝማች አይምሰለን። ሦስትና አራት ክፍል ሠርታ በኪራዩ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ጠጅ ነግዳ ቤት የሠራች ሴት ሁሉ አከራዮች ነበሩ። እኔ የተወለድኩት እንዲህ ባለች መበለት ግቢ ውስጥ ነው። ወላጆቼ አንዲቱን ክፍል በወር 20 ብር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በርካታ አንቀጾች እንዳሉት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በኛ ግቢ ውል የሚባለው የመበለቲቱ ቃል ነበር፤ ሲከፋት ታስወጣለች፣ ሲላት ትምራለች።

በዚያ ዘመን ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ስለ ከተማው ተከራይ ያን ያህል የገነነ መፈክር አልነበረም። አዋጁ ግን ከመፈክሩ ቀድሞ መጣ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠሩን መሬት ከወረሰ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። የቀረው ሁሉ «ትርፍ» ተባለ። ኪራያቸው በወር እስከ 300 ብር የነበሩ ቤቶች ከ15 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ተደረገላቸው፤ ትልቁ ቅናሽም ለትንሹ ከፋይ ነበር። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በላይ የሆኑት ኋላ «ኪራይ ቤቶች» እያልን ለምንጠራው መሥሪያ ቤት ሄዱ።

የኛ 20 ብር 10 ብር ሆነች። እናቴ የዚያን ቀን ምን እንደተሰማት ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ዐሥር ብር ማለት በዚያን ጊዜ የዋዛ አይደለም። ግን ማታ ቡና አፍልታ እንደ ልማዷ መበለቲቱን ለመጥራት እግሯ አልታዘዝ አላት። ሴትዮዋ ከአራቱ ክፍሎች አንዱን መርጣ ሦስቱን አጥታ በሯ ላይ ተቀምጣለች። በመጨረሻ እናቴ ሲኒዋን ይዛ ራሷ ሄደች። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም አለችኝ። ስለዚህ አዋጅ ስጽፍ ተጠቃሚውም ተጎጂውም በአንድ ግቢ ውስጥ እንደነበሩ አልረሳም። ከመካከላችን ያንን ቀን የሚረግምም የሚመርቅም አለ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አዋጁን በደንብ እንየው። አዋጁ በአንድ ድንጋይ ሦስት ነገር ነው የመታው። አንደኛ፣ ትርፍ ቤቱን ወሰደ። ይህ ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። ሁለተኛ፣ ቀበሌን ወለደ። ብዙዎቻችን ቀበሌ የፖለቲካ ፍጥረት ሆኖ የመጣ ይመስለናል፤ በሕግ የተወለደው ግን በዚሁ የቤት አዋጅ ነው፣ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ተብሎ። አዲስ አበባ ወደ 300 በሚጠጉ ቀበሌዎች ተከፋፈለች፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ቤት መቁጠርና ኪራይ መሰብሰብ ነበር። ሦስተኛው፣ እምብዛም የማናነሳው፣ ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ እንዳያገኝ መከልከሉ ነው። ከሐምሌ 1967 በኋላ አከራይ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም መንግሥት።

ቀበሌ ከኪራይ ሰብሳቢነት ወደ ሌላ ነገር ለመለወጥ ከአንድ ዓመት ብዙም የዘለለ ጊዜ አልወሰደበትም። በ1969 መጀመሪያ በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ሥልጣኑ ሰፋ፣ አብዮት ጥበቃም ታጠቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ አሰሳውን፣ የቀበሌ እስር ቤቱን፣ በጠዋት በየጥጋጥጉ የተጣለውን ሬሳ በዓይናችሁ አይታችኋል። አሳሾቹ ከየቤቱ ስንት ክፍል፣ ስንት ነፍስ እንዳለ እንዴት አወቁ? ቤቶቹ የቀበሌው ስለነበሩ ነው። መዝገቡ የተዘጋጀው ለኪራይ ነበር፤ የዋለው ለአሰሳ። አከራይህና ጠባቂህ አንድ ሰው ሲሆን ቤትህ ውስጥ የሚያድር እንግዳ እንኳ በሱ ፈቃድ ነው። መታወቂያው፣ የራሽን ካርዱ፣ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ከአንድ መስኮት ነበር የሚገኘው።

የኪራዩ ርካሽነት ራሱ ሌላ ጣጣ አመጣ። 10 ብሯ 10 ብር ሆና ቀረች፤ ለዐሥር ዓመት፣ ለሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ። በዚህ ገንዘብ ቀበሌው ቆርቆሮ መለወጥ ቀርቶ የጋራውን ሽንት ቤት ማስመጠጥ አልቻለም። አብዛኞቹ ቤቶች የእንጨትና የጭቃ ነበሩና ግድግዳው እየተሰነጠቀ ሄደ። ተከራዩ ከኪሱ ቢጠግን ቤቱ የሱ አይደለም፤ አስፋፋህ ተብሎም ሊከሰስ ይችላል። ቤተሰቡ ግን በዛ። ልጅ አገባ፣ ዘመድ ከገጠር መጣ። ታዲያ ክፍሏ ውስጥ ቆጥ ተሠራ፤ ወላጆች ከታች፣ ልጆች ከላይ። እኔ ለማትሪክ ያጠናሁት በዚያች ቆጥ ላይ በደረቴ ተኝቼ ነው፤ ቀና ብል ጭንቅላቴ ከቆርቆሮው ጋር ይጋጭ ነበር። ልቀቅና ሌላ ቤት ፈልግ ቢሉት ሌላ ቤት የለም፣ የሚያከራይ የለማ!

ደርግ ጨርሶ ቤት አላሠራም ማለት አይቻልም። በኅብረት ሥራ ማኅበር ለተደራጁ ሰዎች ቦታ በነጻ ሰጥቷል፣ በቤትና ቁጠባ ባንክ በኩልም ብድር አመቻችቷል። ብድሩን መክፈል የሚችለው ግን ቋሚ ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የተሠራውም ለባለቤትነት እንጂ ለኪራይ አልነበረም። በየዓመቱ ወደ ከተማዋ ለሚገባው ወጣት፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለቤት ሠራተኛዋ ማን ቤት ይሥራላት? የግል ባለሀብት ተከልክሏል፣ መንግሥት አቅም የለውም። የተገኘው መፍትሔ በድብቅ የሚከራይ ሰርቪስ ክፍልና ደባልነት ሆነ። ደርግ ወደ መጨረሻው ገደማ ክልከላውን ማላላት ጀመረ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁም የግል ቤት ግንባታ በሩ ተከፈተ። አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ ደርግ ራሱ አልነበረም።

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ብዙ ሰው የጠበቀው ሁለት ነገር ነበር፦ ወይ ትርፍ ቤቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ወይ የቀበሌ ቤቱ ለተከራዩ ይሸጣል። አንዱም አልሆነም። በ1987 የወጣው አዋጅ እንዲመለሱ የፈቀደው ከሕግ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶችን ነበር፤ በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሱት ባሉበት ቀሩ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የገጠርም የከተማም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ከ1986 ጀምሮ የከተማ ቦታ በሊዝ መሰጠት ጀምሮ ነበር፤ በ1994ና በ2004 ሕጉ ተሻሻለ። እንግዲህ ደርግን በጠመንጃ የጣለው መንግሥት የደርግን ትልቁን ንብረት፣ ማለትም የከተማውን መሬትና የቀበሌውን ቤት፣ እንዳለ ተረከበ። ለምን ይጣለው? ከእያንዳንዱ ደሃ ቤተሰብ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ማን ይበጥሳል?

የሊዙ ነገር ለተከራዩ ምን አመጣ? ቦታ በጨረታ ሲሸጥ ዋጋው ሰማይ ወጣ። በዚያ ዋጋ ቦታ የገዛ ሰው የሚሠራው ገንዘቡን ቶሎ የሚመልስለትን ነው፦ የንግድ ሕንፃ፣ ሆቴል፣ ለውጭ ድርጅት ሠራተኛና ለዲያስፖራ የሚሸጥ አፓርታማ። እኛም እዚህ ላይ እጃችን አለበት፤ መደበቅ አያስፈልግም። በብር ለሚከፈለው ሰው የማይቀመሰውን ዋጋ በዶላር እየከፈልን የገዛን ነን። ለመምህርና ለነርስ የሚከራይ አዲስ ቤት ሠርቶ ትርፍ የሚያገኝ ግን አልነበረም።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንምጣ። ሐሳቡ የተጀመረው በጀርመን ቴክኒክ ትብብር በጂ.ቲ.ዜድ. ድጋፍ ነው፤ ቦሌ ገርጂ ላይ ሙከራው ተሠራ። አቶ አርከበ ዕቁባይ የከተማዋን ጊዜያዊ አስተዳደር ሲመሩ ትልቅ ፕሮግራም አደረጉት። የኮንዶሚኒየም አዋጅ በ1995 ወጥቶ ነበር፣ ግንባታው በ1996ና 1997 ተፋፋመ። ምርጫ 97 ሊደረግ ነው፤ ከተማው ሁሉ ክሬን በክሬን ሆነ። በ1997 ለቤት የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺ በላይ ነበር። ያ ቁጥር ብቻውን ታሪክ ነው። በየመዝገቡ ወረፋ የቆመው አብዛኛው የቀበሌ ቤት ልጅ፣ ደባል፣ የሰርቪስ ቤት ተከራይ ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ግን አዲስ አበባ ቤቱንም ድምፁንም ለየብቻ አየቻቸው። ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቃሊቲ ገቡ፣ ከተማዋም ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። እኔም የወጣሁት በዚያው ሰሞን፣ በ1998 ነው። ከሄድኩ በኋላ እናቴ ወርኃዊ ኪራይ ልትከፍል ስትሄድ አንዱ የቀበሌ ሹም «ልጅሽ የት ነው? ውሉ እንደገና ይታያል» ይላት ነበር። የሠላሳ ዓመት ተከራይ ናት። ስልክ ስንነጋገር ስለ እኔ ጤና ከመጠየቋ በፊት «እባክህ ስምህ እዚያ ጋዜጣ ላይ አይውጣ፣ ቤቱን ይነጥቁኛል» ትለኛለች። ብዙ ዓመት በብዕር ስም የጻፍኩት ለአንዲት የጭቃ ክፍል ስል ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላችሁ በርካታ መሆናችሁን አውቃለሁ።

ኮንዶሚኒየሙን በደፈናው ማውገዝ አይገባም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ መጸዳጃ ቤትና የቧንቧ ውኃ ያገኘ ሰው ብዙ ነው። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር፤ ይህ በኢትዮጵያ የቤት ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም። ብሎኬት በማምረትና በርና መስኮት በመሥራት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ሥራ አግኝተዋል። ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመላ አገሪቱ 400 ሺ ቤት ሊሠራ ታቅዶ እስከ 2003 ድረስ የተሠራው 171 ሺ ያህል ብቻ ነው። በ2005 እንደገና ሲመዘገብ የተመዘጋቢው ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ተባለ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ቅድሚያ ክፍያው፣ ሁለተኛው የባንክ ብድሩ ነው።

ሦስቱም ፕሮግራሞች የሚሸጡ ቤቶች ናቸው። ከተማዋ ተከራይ ሆና ሳለ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ ቤቶች ሲሠሩ ለኪራይ ተብሎ የታሰበ የለም። ደሃው ቅድሚያ ክፍያውን ተበድሮ ከፈለ፤ ቀጥሎ በየወሩ የባንኩ ዕዳ መጣ። ቤቱ ከከተማዋ ዳር ነው፣ ሥራው መሀል ከተማ ነው፣ ታክሲው ሁለት ሦስት ቦታ ይቆራርጣል። መሸጥ እስከ አምስት ዓመት አይፈቀድለትም፤ ማከራየት ግን ይፈቀድለታል። ታዲያ ምን ያድርግ? ቤቱን ለተሻለ ገቢ ላለው አከራይቶ፣ ከኪራዩ የባንኩን ዕዳ ከፍሎ፣ ራሱ በአሮጌው ሰፈር በርካሽ ክፍል ይኖራል። በአዲስ አበባ ዛሬ አዲስ አፓርታማ ተከራየሁ የሚል ወጣት በብዛት የሚኖረው ለሌላ ተከራይ ተብሎ በተሠራ፣ ያ ተከራይ ግን ሊኖርበት ባልቻለ ቤት ውስጥ ነው። ይህ የማንም ሰው ተንኮል አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይነዳል።

በቅርብ ዓመታት የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ የድሮው ኪራይ ቤቶች ማለት ነው፣ ገርጂ ላይ የሚከራዩ አዳዲስ አፓርታማዎች ሠርቶ በ2014 አስመርቋል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ መምጣቱ እንጂ። ግን የቤቶቹ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ነው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ደግሞ በመቶ ሺዎች።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ወደ ቁም ነገሬ እመለሳለሁ። እኔ የምኖርበት አካባቢ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ስመጣ ያረፍኩት ሦስት ሆነን በተከራየናት አንድ መኝታ ክፍል፣ የእኛ ሰው ሬስቶራንት በተደረደረበት በአዳምስ ሞርጋን ነበር። የከተማዋን የኪራይ ሕግ ሳነብ አንድ ዓመተ ምሕረት አስደነገጠኝ፦ 1975 እ.ኤ.አ.። የእኛ የትርፍ ቤት አዋጅ የወጣበት ዓመት ነው። በዲሲ ሕግ የግንባታ ፈቃዳቸው እስከ 1975 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ የኪራይ ሕንፃዎች ኪራያቸው በየዓመቱ ከተወሰነው በላይ አይጨምርም፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ ያገኙት ግን ከቁጥጥሩ ነጻ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቆየው ተከራይ እንዳይፈናቀል ይጠበቃል፣ አዲስ የሚሠራውም ሰው እንዳይሸሽ ይተዋል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ባለሀብት ከመኖሪያው ወለል ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በቅናሽ እንዲያቀርብ ይገደዳል፤ ተከራዩም በዕጣ ይመረጣል። አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ በዚህ ዕጣ አዲስ ሕንፃ ላይ ቤት ደርሶታል። ስልክ ደውሎ «ኮንዶሚኒየም ወጣልኝ!» አለኝ፤ ተከራይ መሆኑን እስኪያስረዳኝ ድረስ ገዛ ብዬ ነበር።

ዋሽንግተን የተከራይ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። ከአዳምስ ሞርጋንና ከዩ ስትሪት ሕዝባችንን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ የገፋው ይኸው የኪራይ ንረት ነው። እኔንም ገፍቶኛል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አከራዬ ካላግባብ ቢያስወጣኝ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፤ ዳኛው የአከራዬ ተቀጣሪ አይደለም። አዲስ ቤት የሚሠራውም ሰው ለተከራይ ሠርቶ እንዲያተርፍ መንገድ ተትቶለታል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1967 ሁለቱም በአንድ ቀን ተዘጉ። ሁለተኛው በር ከሞላ ጎደል ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ግን እስከ ዛሬ ገርበብ እንዳለ ነው።

ከ2010 በኋላ የመጣው አስተዳደርም የወረሰው ይህንኑ ነው። በየካቲት 2011 ከ51 ሺ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የኮዬ ፈጬ ጉዳይ ተነሳ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ሆነ፣ ገንዘቡን ቆጥቦ የጠበቀው ባለዕጣም፣ ከመሬቱ የተነሳው ገበሬም ተበዳይ ሆነው ቀሩ። በሐምሌ 2014 ደግሞ የ25 ሺህ 491 ቤቶች ዕጣ በወጣ በቀናት ውስጥ መረጃው ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። በ1997 ተመዝግቦ እስከዚያች ዕለት ዕጣ ሲጠብቅ የነበረ ሰው አለ። የተመዘገበ ዕለት የተወለደ ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመሆን ተቃርቧል።

በመጋቢት 2016 ፓርላማው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። በ1952 ያልደረሰልን፣ በ1967 የተነፈግነው፣ ተከራይን እንደ ባለ መብት የሚያይ ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያው ወር ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ይፈርስ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስ ተከተለ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ቤት ይሰጠዋል፣ ብዙውን ጊዜ ከከተማዋ ዳር። ያልተመዘገበ ውል ይዞ ከግለሰብ የተከራየው ግን የሚያቀርበው ወረቀት የለውም፤ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ርካሽ ክፍሎች በብዛት የነበሩት በነዚሁ ሰፈሮች ነው። እነሱ ሲፈርሱ የተባረረው ሁሉ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ገበያ ገባ፣ የኮንዶሚኒየሙም ኪራይ ወደ ላይ ተተኮሰ።

የእናቴ ክፍልም ከፈረሱት አንዷ ናት። እሷ አላየችውም፤ በ2009 አርፋለች። ወንድሜ ምትክ አግኝቶ ከነቤተሰቡ ወደ ዳር ወጣ። የወንድሜ ልጅ ከዚያ ቦሌ ለመድረስ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲፈጅባት ነው ቤት ፍለጋ የወጣችው።

ያገኘችው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሊፍት የለውም፤ ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል ብለዋታል። ኪራዩ የደመወዟን ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል፤ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ልትጋራው አስባለች። አከራይዋ በ1997 የተመዘገበች እናት ናት። እሷ ራሷ ልጆቿን ይዛ በአንድ አሮጌ ግቢ ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ የባንኩን ዕዳ ለመክፈል። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። የስድስት ወሩን የምትፈልገው የራሷ አከራይ ዓመት ሙሉ ካልከፈልሽ ስላላት ነው። ለወረዳ የሚመዘገበው ውል ላይ ግን የሁለት ወር ብቻ ይጻፍ፣ ዋጋውም ዝቅ ይበል ብላለች።

የአራቱን ወር ልዩነት እኔ ላክሁ። ከመላኬ በፊት የወንድሜን ልጅ አንድ ነገር እንድትጠይቅ መከርኋት፦ ሁለት ዓመት እንደማታስወጣት፣ በመሀል ኪራይ እንደማትጨምር ውሉ ላይ ይስፈር። በማግስቱ ደወለችልኝ።

«ጠየቅኋት ጋሼ።»

«ምን አለች?»

«ልጄ፣ ወረቀቱን ተይው፣ በቃሌ እመኚኝ አለችኝ።»